ከግድቡ በላይና ከግድቡ በታች፦ የትንሽ የአፈር ግድብ ታሪክ

ግድብ በታሪክ ትምህርታችን ውስጥ የሚገባው ከነምርቃቱ ነው። ቆቃ በ1952 ዓ.ም.፣ ፊንጫ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ተከዜ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ከሁሉም በኋላ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ፤ ቁመቱ 145 ሜትር። እነዚህን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ቢኖርም ለፈተና ሲል ያውቃል። ከእነዚህ ጎን ቁመቱ አሥራ አምስት ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከአፈርና ከድንጋይ የተደለደለ፣ ስሙን ከአካባቢው ሰው በቀር ማንም የማይጠራው ግድብ ቢቀርብ «ይኼ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» መባሉ አይቀርም። እኛ አለው ባይ ነን። እንዲያውም የሰሜን ኢትዮጵያ ባላገር ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ከረሃብ ጋር ያደረገውን ትግል ማወቅ የፈለገ ሰው ከትልልቆቹ ይልቅ ትንንሾቹን ቢመረምር ብዙ ያገኛል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩን ከመሠረቱ እንያዘው። የአፈር ግድብ ለመሥራት ሁለት ኮረብታዎች ተቀራርበው ሸለቆውን እንደ ጉሮሮ የሚያጠቡበት ቦታ ይፈለጋል። ከስር ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈርና ውሃ በማያሳልፍ ጭቃማ የሸክላ አፈር ይሞላል። ይኸው ሸክላ ወደ ላይ እየተነሣ በግድቡ ሆድ ውስጥ እንደ እምብርት ይቆማል፤ ከፊትና ከኋላው ሻካራ አፈር ይደገፋል። አፈሩ በአንዴ አይከመርም። በስስ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ ነው የሚያድገው። ውሃው ፊት ለፊት የሚመታው ገጽ ማዕበል እንዳይሸረሽረው ድንጋይ ይደረደርበታል። ከስር ሳራሲኔስካ ያለው ማስወጫ ቱቦ፣ ከጎን ደግሞ የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻ ይበጅለታል። ሲሚንቶ ያለው እዚህና እዚያ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሁሉ እዚያው አጠገቡ ከተቆፈረ መሬት የመጣ ነው። ርካሽነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ገበሬው በአካፋና በቃሬዛ ሊያግዝበት የሚችለውም ለዚህ ነው።

የአፈር ግድብ የሚሞትበት መንገድ ይታወቃል። ማስተንፈሻው ጠቦ ጎርፍ በአናቱ ላይ ካለፈ በሰዓታት ውስጥ ይናዳል። ወይም ደግሞ ውሃ በሆዱ ውስጥ ቀጭን ቀዳዳ ያገኝና አፈሩን ከውስጥ እየጠረገ፣ ላይ ላዩን ደህና የሚመስለውን ግድብ አንድ ቀን ይበሳዋል። ሦስተኛው ሞት ዝምተኛ ነው። ከላይ ከተራቆተው ተራራ በየክረምቱ የሚወርደው ደለል የማጠራቀሚያውን ወለል ከፍ፣ ከፍ እያደረገ ይመጣል፤ ግድቡ ሳይሰበር፣ ሳይሸነቆር፣ እንደቆመ የጭቃ ሜዳ ይሆናል። እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ ይባል የለ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ ቢባል መልሱ የዝናቡ ጠባይ ነው። በትግራይ፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ ደረቅ ወረዳዎች የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ወራት ውሃ ጠላት ነው፤ ማሳ ይጠርጋል፣ ቦረቦር ይቆፍራል፣ ከብት ይወስዳል። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ጎርፉም ወንዙም አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት የሴቶችና የልጃገረዶች ጀርባ የሚጎብጥባቸው ናቸው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት ለጨዋታ ማሳመሪያ ብቻ የሚመስለው ከተማ ላደገ ሰው ነው። ስለዚህ የሁለት ወር ውሃ ለአሥር ወር ማቆየት የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር መጠኑ ነው።

አዲስ አይደለም ስንል ማስረጃ አለን። አክሱም ከተማ ጥግ ያለው ማይ ሹም ከዓለት ተፈልፍሎ የተሠራ ማጠራቀሚያ ነው፤ የአካባቢው ሰው ለዘመናት ሲቀዳበት ኖሯል። በደቡብ ኮንሶ «ሃርዳ» የሚሉት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዐ ምድር አካል ነው። ቦረና ውስጥ «ሐሮ» የሚባለው የከብት ኩሬ አለ፤ በእሾህ ይታጠራል፣ ከብት የሚጠጣበት ተራ በሽማግሌ ይወሰናል፣ ደለሉም በሰው ጉልበት ይወጣል። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉልን፤ ቆይተን እንመለስበታለን። ሐሮ ሲቆፈር ደለሉን የሚያወጣው ማን እንደሆነ አብሮ ተወስኗል ማለት ነው።

በሰሜኑ ደጋ ደግሞ ከግድብ ይልቅ የተለመደው ጠለፋ ነው። ገበሬዎች ተሰባስበው በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በጭቃ ወንዙን ይጠልፉና በቦይ ወደ ማሳቸው ይወስዱታል። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ጠለፋውን ይጠርገዋል፤ በበጋ እንደገና ይሠሩታል። አንድ መሐንዲስ ይህን ቢያይ «ኋላ ቀር» ሊለው ይችላል። ነገር ግን ጠለፋው የሚደነቀው በድንጋዩ ሳይሆን በሰዉ ነው። በአማርኛ ተናጋሪው አገር «የውሃ አባት»፣ በትግራይ «ኣቦ ማይ» የሚባል የተመረጠ ሰው አለ። ቦይ የሚጠረግበትን ቀን ይቆርጣል፤ የቀረውን ይቀጣል፤ ውሃው ዛሬ ለማን፣ ነገ ለማን እንደሆነ ያዛል፤ ሌሊት ቦይ ሰብሮ ወደ ራሱ የመለሰውን ይዳኛል። ደመወዝ የለውም ወይም ያለው ጥቂት ነው፤ ሥልጣኑ ግን እውነተኛ ነው። የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ስሙ ስለሌለ ታሪክ ጸሐፊውም አላየውም።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። የ1966ቱ የወሎ ረሃብ የዘውዱን መንግሥት ካንገዳገዱት ነገሮች አንዱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ገበሬውም በማኅበር ተደራጀ። ይህ ለግድብ ነገር ትልቅ ለውጥ ነበር። ሸለቆውን ግድብ የሚያስተኛ ሰው መሬቱን ከባለርስትና ከባለጉልት ጋር መደራደር ቀረለት፤ መሬት የመንግሥት ሆኗልና። ገበሬውም በማኅበሩ አማካይነት በአንድ ቀን ትእዛዝ በመቶዎች የሚወጣ ጉልበት ሆነ። ጥሩም መጥፎም ያለው ለውጥ ነው። ባለርስት ጠፋ፤ «እዚህ ሸለቆ ውስጥ የአያቴ ማሳ አለ፣ አልፈቅድም» የሚል ገበሬም ቃሉ አነሰ።

ጉልበቱን ያንቀሳቀሰው የምግብ ለሥራ ስንዴ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ በወሎ፣ በትግራይ፣ በሐረርጌና በሸዋ ተራሮች እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ኩሬ ተቆፈረ፣ አፈር ተገደበ። የቀኑ ክፍያ ሦስት ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። እስቲ ይህን ሒሳብ ቆም ብለን እናስበው። የተራበ ሰው ነው የሚቆፍረው፤ የሚቆፍረውም ነገ እንዳይራብ ነው፤ ዛሬ የሚበላው ግን የቆፈረበትን እህል ነው። ብዙ እርከን የተሠራው እርከኑ ስለተፈለገ ሳይሆን ስንዴው ስለተፈለገ ነው የሚሉ አሉ፤ ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም። እርዳታው ሲቆም ጥገናውም የቆመበት ቦታ ብዙ ነውና። ቢሆንም ያን ጊዜ «እርከኑን የምሠራው ስለማምንበት ነው ወይስ ስለምበላበት?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ገበሬ አልነበረም። ጥያቄው የጠገበ ሰው ጥያቄ ነው።

የ1977ቱ ረሃብ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ያን ዓመት የገደለው ድርቅ ብቻ አልነበረም፤ ጦርነቱም ገድሏል፤ ይህን ያልጠቀሰ ጽሑፍ ግማሹን ትቷል።

ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ፣ ማለትም በ1987 ዓ.ም.፣ ትግራይ ውስጥ የዘላቂ ግብርናና የአካባቢ መልሶ ማቋቋም ኮሚሽን ተቋቋመ። ተመሳሳዩ በአማራ ክልልም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። የትግራዩ ኮሚሽን ዕቅድ ዛሬ ሲያነቡት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ 500 ትንንሽ ግድቦች፣ 50 ሺህ ሄክታር መስኖ። በዓመት ሃምሳ ግድብ፣ በየሳምንቱ አንድ ግድብ ማለት ነው። የተሠራው ከታሰበው አንድ አሥረኛ ገደማ ሆነ። እዚህ ላይ ለመሳቅ የሚቸኩል ሰው ይኖራል፤ እኛ ግን አንስቅም። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ረሃቡን በዓይናቸው ያዩ ናቸው፤ ችኮላቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ችኮላ ዋጋ አለው። ለአንድ ወንዝ ግድብ ለመንደፍ በዚያ ወንዝ ላይ ለዓመታት የተለካ የጎርፍና የደለል መረጃ ያስፈልጋል፤ በእነዚያ ትንንሽ ጅረቶች ላይ ደግሞ የተለካ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። መሐንዲሶቹ በግምት ሄዱ። ግምቱ አንዳንዴ ሰጠ፣ ብዙ ጊዜ ነሣ።

አንዱን ግድብ ብቻ ወስደን እንየው። ጉምሰላሳ ይባላል፤ ከመቀሌ በስተ ደቡብ በሕንጣሎ ወጀራት ወረዳ፣ በአዲ ጉዶም አጠገብ ነው። በኮሚሽኑ የመጀመሪያ ዓመታት ከተሠሩት አንዱ ነው። ወደ 1.9 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝና ወደ 110 ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ ተሠራ። ከሩቅ ሲታይ የሣር ኮረብታ ይመስላል፤ አናቱ ላይ ከብት ያልፋል።

ሥራው ሲጀመር የሆነው ጥሩ ነው። በበጋ ወራት ደርቆ ይቆይ የነበረው ሜዳ በቆሎና አትክልት አበቀለ፤ ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ማምረትን ቀመሰ። ቀጥሎ ግን ሦስት ነገር መጣ። አንደኛው ደለል ነው፤ ከላይ ያለው ተፋሰስ የታረሰና የተጋጠ ስለሆነ በየክረምቱ ጭቃውን አወረደ። ሁለተኛው ስርገት ነው፤ ውሃው በግድቡ ስርና ጎን ሾልኮ መሄድ ጀመረ። ሦስተኛው ጨው ነው። ከግድቡ በታች ያለው መሬት ዋልካ ነው፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውሃን ቶሎ አያሳልፍም። ያለ ማንጣፈፊያ ቦይ ደጋግመው ሲያጠጡት ውሃው ወደ ላይ ይተንና ጨዉን ላዩ ላይ ይተወዋል። ገበሬው የማሳው ጠርዝ ሲነጣ አየ። ውሃ ያጣ መሬት እንደሚጎዳ ሁሉ መውጫ የሌለው ውሃም መሬት ይጎዳል ማለት ነው፤ ይህን ሜሶጶጣሚያ ከረጅም ጊዜ በፊት ተምራዋለች፤ በእኛ ግን እንደ አዲስ መጣ።

ጉምሰላሳ ብቻውን አልነበረም። በትግራይ በ11 ማጠራቀሚያዎች ላይ ደለሉ ተለክቶ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ በዓመት ከ240 ገደማ እስከ 1,800 ቶን ገደማ አፈር እንደሚወርድ ተገኘ። እዚህ ላይ ከቁጥሩ ይልቅ በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ርቀት ይደንቃል፤ አንዱ ሸለቆ ከሌላው ሰባት እጥፍ ያህል አፈር ይልካል፤ ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ግምት መጠቀም ትክክል እንዳልነበረ ያሳያል። ከተጠኑት ብዙዎቹ ከታሰበላቸው ዕድሜ በግማሽ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በደለል እንደሚሞሉ ተገመተ።

እንግዲህ የመንግሥት ሪፖርትም ሆነ የውጭ አጥኚ እስከዚህ ድረስ ከተጓዘ በኋላ «ግድቡ አልተሳካም» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። እኛ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው።

ሾልኮ የሄደው ውሃ የት ሄደ? ይህን የጠየቁት መጀመሪያ ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከግድቡ በታች ጥቂት ሜትር ሲቆፍሩ ውሃ አገኙ፤ ቀድሞ ያልነበረ ምንጭ ፈለቀ፤ የደረቀ ጅረት በበጋ ፈሰሰ። መሐንዲሱ «ኪሳራ» ብሎ የመዘገበው ስርገት ከስር ያለውን መሬት እያጠጣ ነበር። በማጠራቀሚያ ውስጥ ፀሐይ የሚመታው ውሃ በዓመት ከሜትር ተኩል የማያንስ ከላዩ ይተናል፤ መሬት ውስጥ የገባው ግን ፀሐይ አያገኘውም። ስለዚህ ከግድቡ ግድግዳ አንጻር ኪሳራ የሆነው ከሸለቆው አንጻር ቁጠባ ነው። አንድን ግድብ ሰነፍ ወይም ጎበዝ ለማለት ቆሞ የሚያየው ሰው የት እንደቆመ መጠየቅ አለበት፤ ግድቡ አናት ላይ ነው ወይስ ከታች ጉድጓዱ አፋፍ?

ከግድቡ በላይ ያለው ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ደለልን ለመከላከል ተራራው መታከም አለበት፤ እርከን፣ ክትር፣ ከልቅ ግጦሽ የተከለለ መሬት። በደጉዓ ተምቤን ማይ ዘግዘግ በሚባል ትንሽ ተፋሰስ ይህ ተሠርቶ ውጤቱ ተለካ። ከሥራው በፊት ከዘነበው ዝናብ 8 በመቶው በጎርፍነት ይወጣ ነበር፤ ከሥራው በኋላ 1.6 በመቶ ሆነ። ቦረቦሩ ተረጋጋ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ አለ። ድንቅ ነው! ግን አሁን አስቡት። ከታች ግድብ ቢኖርና በዚያ ጎርፍ ለመሞላት የሚጠብቅ ቢሆንስ? ተራራውን ያላከመ ግድቡን በጭቃ ይሞላል፤ ያከመ ደግሞ ግድቡን ውሃ ያስጠማል። በእርግጥም በትግራይ በቂ ውሃ ሳይገባባቸው የቀሩ ግድቦች አሉ፤ ምክንያቱ ሁልጊዜ ይኸው ነው አንልም፤ የዲዛይን ግምቱም ተጠያቂ ነው። ሆኖም ነገሩ ግድቡን ከተራራው ነጥሎ ማየት እንደማይቻል ያሳያል። ተራራው ራሱ ሲታከም ግድብ ይሆናል፤ ውሃውን የሚያጠራቅመው በአፈሩ ውስጥ ነው።

በስሪ ላንካ ደረቅ ወረዳዎች ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ያወቁት ይመስላል። እዚያ ትንንሾቹ የአፈር ግድቦች ብቻቸውን አይቆሙም። በአንድ ሸለቆ ውስጥ እንደ ደረጃ ተደርድረው፣ ከላይኛው ሾልኮና ተርፎ የወረደው በታችኛው ይያዛል። ከላይ ያለው ትንሽ ኩሬ ደለሉን ያስቀራል። በእኛ ዕቅድ ግን እያንዳንዱ ግድብ የራሱ ቁጥር፣ የራሱ በጀት፣ የራሱ ሪፖርት ነበረው። ሸለቆው በሙሉ የማን ሪፖርት ነው? የማንም።

አሁን ስለ ሕፃናቱ እንናገር፤ ይህን ማለፍ አንችልምና። በሰሜን ደጋ ሕዝቡ ከቆላ ርቆ በከፍታው ላይ ከሚኖርባቸው ምክንያቶች አንዱ ወባ ነው። ግድቡ ግን የቆመ ውሃ፣ ከስሩ የሚያለቅስ ረግረግ፣ በቦይ ዳር የሚቀር ኩሬ ይዞ ወደ ደጋው መጣ። በ1999 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,225 ሜትር ባሉ የትግራይ መንደሮች ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ተከታተለ። ከግድቡ በሦስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ባሉ መንደሮች በሺህ የልጅ ወር 14 የወባ ሕመም ሲመዘገብ፣ ስምንትና አሥር ኪሎ ሜትር በራቁት 1.9 ብቻ ሆነ። ሰባት እጥፍ ነው። ልጆቹን እንዳይርባቸው የተሠራው ውሃ ልጆቹን አሳመመ።

ታዲያ ግድቡ ባይሠራ ይሻል ነበር? እኛ አይመስለንም፤ ጥናቱም እንዲያ አላለም። ያለው ግድብ ሲሠራ የጤና ሰው ከመጀመሪያው አብሮ ይቁም ነው። ስርገቱ የሚያቁረውን ረግረግ ማንጣፈፍ፣ ቦዩን መጥረግ፣ ቤቶቹን መርጨትና አጎበር ማደል የታወቁ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ግድቡ የአንድ መሥሪያ ቤት፣ ወባው የሌላ መሥሪያ ቤት ሆኖ ቆየ። ትንኟ የመሥሪያ ቤት ወሰን አታውቅም።

ስለ መሬቱም አንድ ነገር ማለት አለብን። ማጠራቀሚያው የሚተኛው በሸለቆው ወለል ላይ ነው፤ የሸለቆው ወለል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመንደሩ ምርጥ መሬት ነው። መሬቱ የሰጠመበት ገበሬ ከታች በመስኖ ከሚለማው ድርሻ ይሰጠው ነበር፤ ድርሻውም በአብዛኛው ከሩብ ሄክታር አይበልጥም። ውሃ ባለበት ዓመት ሩብ ሄክታር መስኖ ከአንድ ሄክታር የዝናብ እርሻ ሊበልጥ ይችላል። ግድቡ ሳይሞላ በቀረ ዓመት ግን ያ ሰው ማሳውንም አጣ፣ መስኖውንም አጣ። ከቦዩ ራስ ያለውና ከቦዩ ጭራ ያለውም እኩል አይደሉም፤ ውሃ ሲያንስ ጭራው ይደርቃል። ለዚህ ሁሉ ዳኛ ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ «የውሃ ኮሚቴ» ተመረጠ፤ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ያለው። ኮሚቴው የተሳካለት ድሮ የውሃ አባቱ የሚሠራውን ሥራ በወረሰበት ቦታ ነው፤ ስም ብቻ ሆኖ በቀረበት ደግሞ ሳራሲኔስካው ዝጎ፣ ቁልፉ የት እንዳለ ጠፍቶ ተገኘ። ቅድም ስለ ሐሮው ልብ በሉ ያልነው ለዚህ ነው። ቦረናው ኩሬውን ሲቆፍር ደለሉን ማን እንደሚያወጣ ያውቃል። በሰሜኑ ግድቦች ውስጥ ስለተጠራቀመው በብዙ ሺህ ሜትር ኩብ የሚቆጠር ጭቃ ግን በዕቅዱ ወረቀት ላይ ባለቤት አልተጻፈም ነበር። በአካፋ የሚወጣም አይደለም።

በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ነፋሱ ተለወጠና ከግድብ ወደ የቤተሰብ ኩሬ ዞረ። በየጓሮው እንዲቆፈር ዘመቻ ሆነ፤ በፕላስቲክ የተነጠፈውም ያልተነጠፈውም በአሥር ሺዎች ተቆፈረ፤ ብዙው ሾለከ ወይም ተተወ። በኮታ የሚቆፈር ጉድጓድ ዕጣው ይኸው ነው፤ ብዙ ማለት አያስፈልገንም።

የተሻለው የመጣው ሁሉንም በአንድነት ከያዙት መንደሮች ነው። ከውቅሮ በስተ ምዕራብ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ፣ በዓለቱ በተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያኗ የምትታወቀው፣ በድርቅ ምክንያት ሕዝቧን ወደ ሌላ ቦታ ለማስፈር ታስቦ የነበረች ናት። ሕዝቡ ተራራውን ከለለ፣ ክትር ሠራ፣ የጎርፍ ውሃ ወደ መሬት የሚሰርግበትን ጉድጓድ ቆፈረ፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ተነሥቶ በእጅ ጉድጓድ የሚደረስበት ሆነ። በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ኢኩዌተር የተባለውን ሽልማት ሰጣት። እዚያ ስርገት ኪሳራ መሆኑ ቀርቶ ዓላማ ሆነ፤ መሐንዲሱ የሸሸውን ነገር ባላገሩ ፈልጎ ሠራው።

ነገር ግን ውሃው ከማጠራቀሚያ ወደ መሬት ውስጥ ሲዞር ሌላ ጥያቄ ይዞ ዞረ። የቦይ ውሃ ይታያል። የውሃ አባቱ ቆሞ ያየዋል፣ ተራ ይሰጠዋል፣ የሰረቀውን ይይዛል። የጉድጓድ ውሃ አይታይም። የ1992ቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ውሃ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ እዚያው ላይ በእጅ ጉድጓድ ቆፍሮ ለመጠቀም ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። አዋጁ ሲጻፍ በእጅ ጉድጓድ ላይ የሚታሰበው ገመድና ባልዲ ነበር። ከዚያ በኋላ የናፍጣና የቤንዚን ሞተር፣ ቆይቶም የፀሐይ ፓምፕ መጣ። በ2006 ዓ.ም. የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ወጥቶ ለቦዩ ሰዎች ሕጋዊ መልክ ሰጠ። ከግድቡ በታች ግን ፓምፕ ለመግዛት አቅም ያለው ገበሬ ጥልቅ አድርጎ ይቆፍርና ቀን ከሌት ይስባል፤ አጠገቡ ያለው የመበለቲቱ ጉድጓድ ውሃው ይወርዳል። ውሃው የሾለከው ከአንድ ግድብ ነው፤ ግድቡን ሁለቱም፣ ወይም አባቶቻቸው፣ በሦስት ኪሎ እህል ቀን ደልድለውታል። እርስዋ ለክስ ብትነሣ የምትሄደው ወደ የትኛው ኮሚቴ ነው? የቦዩ ኮሚቴ «ይህ የቦይ ውሃ አይደለም» ይላታል።